የጡት ባዮፕሲ፦ የቱ ያማል? የቱስ ያስፈራል?

በየዓመቱ ከመስከረም መገባደጃ ጀምሮ ስለ ጡት ካንሰር የሚነገረው ይበዛል። ሬዲዮው፣ ቴሌግራሙ፣ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ሳይቀር «ተመርመሩ» ይላል። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ስለሆነ ምክሩ ተገቢ ነው። እብጠት ተገኝቶ ሐኪሙ «ናሙና እንውሰድ» ካለ በኋላ ስላለው ነገር ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል፤ «በትልቅ መርፌ ነው የሚወጉሽ»፣ «ብረት ከነካውማ አለቀ»። የሪፈር ወረቀቷን ሣጥን ውስጥ ከትታ የቀረችውን ሴት ያስቀራት ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሳይሆን ይህ ወሬ ነው።

ባዮፕሲ ማለት ምንድን ነው?

ከእብጠቱ ጥቂት ሕዋሳት ወይም ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እህል ነጋዴ ጆንያውን ሳይፈታ በሹል ቱቦ ወግቶ ከውስጡ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ ያያል፤ የጡት ባዮፕሲም አሠራሩ ይኸው ነው። ነጋዴው አንድ ቦታ ብቻ ወግቶ እንደማያምን ሁሉ ሐኪሙም ደጋግሞ ይወስዳል። ስለዚህ መርፌው ሲደጋገም «ምን ቢያይ ነው?» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያውም የታሰበ ነው። አልትራሳውንድና ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) እብጠቱ የት እንዳለና ምን እንደሚመስል ያሳያሉ እንጂ ምንነቱን አይቆርጡም።

በባሕር ዳር ብዙ ሴቶች የሚያጋጥማቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቀጭን መርፌ ምርመራ ሲሆን በሆስፒታል «ኤፍኤንኤሲ» ይባላል። መርፌው ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ደም ለምርመራ ከሚቀዳበት መርፌ አይበልጥም። እብጠቱ ውስጥ ገብቶ ለ10 ወይም ለ20 ሰከንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ይህ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይደገማል። የተገኘው ፈሳሽ መስታወት ላይ ይቀባል። ሁሉም ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

ሁለተኛው ኮር ባዮፕሲ ነው፤ «ትሩከት» ሲሉም ይሰማል። መርፌው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በስፕሪንግ ይተኮሳል፣ ክር የመሰለ ሥጋ ቆርጦ ይመለሳል። መግቢያው በማደንዘዣ ደንዝዞ ቆዳው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀደዳል፤ ስፌት አያስፈልገውም። ከሦስት እስከ ስድስት ቁራጭ ይወሰዳል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቁራጩ ሰፋ ስለሚል ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ዓይነቱን ለመለየትና መድኃኒቱን ለመምረጥ ይረዳል። ኤፍኤንኤሲ ከተሠራ በኋላ ኮር ባዮፕሲ የሚታዘዘውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። እብጠቱን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ መመርመርም አለ፤ የሚደረገው በመርፌ መልስ ሲጠፋ ወይም እብጠቱ ለማንኛውም መውጣት ሲኖርበት ነው።

ብረት ከነካው ይሰራጫል የሚባለውስ?

ይህ እምነት ከባዶ አልተነሣም። አንዲት ሴት እብጠቱን ዓመት ሙሉ ደብቃ፣ ቆዳው ሲቆስል ትመጣለች። ናሙና ይወሰድላታል፤ በሽታው ግን ቀድሞ ጉበት ወይም ሳንባ ደርሷል። ከወራት በኋላ ታርፋለች። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነገር፣ መርፌውን ነው።

መርፌው ሲወጣ ጥቂት ሕዋሳት በመንገዱ ላይ ሊቀሩ እንደሚችሉ ሐኪሞች ያውቃሉ፤ አይደብቁትምም። ሆኖም በመርፌ ናሙና የተወሰደላቸው ሴቶች በዚያ ምክንያት ዕድሜያቸው ሲያጥር አልታየም። ምንነቱን ሳያውቁ ጡት መቁረጥ ወይም ዝም ብሎ መጠበቅ ግን ጉዳቱ የታወቀ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ይታወቅ፤ ባዮፕሲ ታዘዘ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ከሚሠሩት የጡት ባዮፕሲዎች ከአምስቱ አራት ያህሉ ካንሰር ሆነው አይገኙም። እዚያ ብዙው በማሞግራፊ የሚታይ፣ ገና በእጅ የማይዳሰስ ነገር ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። ነገር ግን እዚህም ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው የወጣት ሴቶች እብጠት፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ መግል፣ አልፎ አልፎም የጡት ቲቢ በዚሁ መርፌ ይለያሉ።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

የጡት ቆዳ፣ በተለይ ጫፉና በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ክፍል፣ ነርቭ ይበዛበታል። ውስጡ ያለው ሥብና የወተት ዕጢ ያን ያህል አይሰማውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰከንድ፣ ቆዳው የሚበሳበት፣ ከሁሉም ይልቅ ይወጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጎተትና መጫን ነው። እብጠቱ ከጫፉ አጠገብ ወይም ደረት ጡንቻው ላይ ተጠግቶ ከሆነ፣ ወይም ጡቱ ቀድሞ ያበጠና የሚያቃጥል ከሆነ ሕመሙ ይበረታል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡት ስለሚወጥር ያኔም እንዲሁ ነው፤ አበባው ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ቀለል ይላል። ለዚህ ሲባል ግን ቀጠሮውን በወር ማራዘም አያዋጣም።

በኤፍኤንኤሲ ጊዜ ማደንዘዣ ብዙውን ጊዜ አይሰጥም። ስስት ወይም ጭካኔ አይደለም፤ ማደንዘዣው ራሱ በመርፌ ስለሚሰጥ አንዱን ውጊያ ለማስቀረት ሌላ ውጊያ ይጨምራል፣ ፈሳሹም ትንሽ እብጠትን ሸፍኖ ያጠፋዋል። ጫፉ አጠገብ ከሆነ ወይም በጣም ከፈሩ ግን መጠየቅ ይቻላል።

በኮር ባዮፕሲ ማደንዘዣ የግድ ነው። የሚሰጠው ሊዶኬይን ሲሆን ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋው ዓይነት ነው። ጥርስ ነቅለው በዚያን ጊዜ ሰውነትዎ ሽፍ ካለ ወይም ልብዎ ክፉኛ ከመታ አስቀድመው ይናገሩ። ብዙ ሴቶች ከኮር ባዮፕሲ ሁሉ ያመመን ማደንዘዣው ነው የሚሉት ፈሳሹ አሲድነት ስላለው ነው፤ ለ10 ወይም ለ20 ሰከንድ ያቃጥላል። ቃጠሎውን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ። በጣም ቀጭን መርፌ መጠቀም፣ ቀስ ብሎ መግፋት፣ ፈሳሹን በእጅ ማሞቅ፣ እንዲሁም በ10 ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን ላይ 1 ሚሊ ሊትር 8.4 በመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት መቀላቀል። የመጨረሻው በየቦታው ላይገኝ ይችላል፤ «ቀስ ብለው ይስጡኝ» ማለት ግን ምንም ወጪ የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስህተት ችኮላ ነው። ሊዶኬይን ሙሉ ለሙሉ ለመያዝ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ ደጅ ላይ ተደርድሮ እነዚያ ደቂቃዎች ሊዘለሉ ይችላሉ። ወፍራሙ መርፌ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ቆዳውን በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጎ «ይወጋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ «ገና አልደነዘዘም» ማለት የእርስዎ ፈንታ ነው። መድኃኒቱ የሚያጠፋው ውጊያን እንጂ ግፊትን አይደለም። ስለዚህ ሲናገሩ ይለዩት፤ «ተጫነኝ» ካሉ የሚጠበቅ ነው፣ «ወጋኝ» ካሉ ማደንዘዣ ይጨመራል። የሚጨመርበት ቦታም አለ። ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነ ሴት አድሬናሊን የሌለበት ሊዶኬይን እስከ 225 ሚሊ ግራም መቀበል ትችላለች፤ ይህ ጥንካሬው 1 በመቶ ከሆነው 22 ሚሊ ሊትር፣ 2 በመቶ ከሆነው 11 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አብዛኛው ኮር ባዮፕሲ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 1 በመቶ ይሠራል።

እዚህ ላይ ባህላችን ትንሽ ያስቸግራል። ሐኪም ፊት ማማረር ነውር ይመስላል፤ አስታማሚውም «ቻል አድርጊው» ይላል። ቻል ማድረግ ግን ሰውነትን ያኮማትራል። የተኮማተረች ሴት ድንገት ትንቀሳቀሳለች፣ መርፌው እብጠቱን ይስታል፣ ናሙናው ይበላሽና ሌላ ቀን ይደገማል። ከሁሉም የከፋው ሕመም የሁለተኛው ባዮፕሲ ነው። በቃል መናገር፣ በአካል ደግሞ አለመንቀሳቀስ፤ ሐኪሙም የሚፈልገው ይህንን ነው።

ከቤት ሲወጡ ምን ያስቡ?

ይብሉ። በዚህ ማደንዘዣ ለሚሠራ ባዮፕሲ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሙሉ ሰመመን ለሚሰጥበት ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ምርመራ ሲባል ሁሉ ደም ምርመራ እየመሰላቸው ሳይቀምሱ የሚመጡ አሉ። ቀጠሮው ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ አለዚያም በዐቢይ ጾም ከዋለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመቆየት ይሞከራል። ባዶ ሆድ፣ የመጋቢት ሙቀት፣ ረጅም ወረፋና ፍርሃት ሲደራረቡ መርፌው ሳይገባ ሴትየዋ ትወድቃለች። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ በረመዳንም ኢማሙን፤ ወይም ሌላ ቀን እንዲቀጠርልዎ ይጠይቁ። ቡና ለምደው ከሆነ አንድ ስኒ ይጠጡ፣ ራስ ምታት እንዳይጨምርብዎ። ሦስቱንም ማድረስ ግን ልብ ያስመታል፤ ጫትም እንዲሁ። ለድፍረት ብሎ አረቄ መቅመስማ ደም ያፈሳል፣ አእምሮንም ያደበዝዛል።

ልብስዎ ከላይና ከታች የተለየ ይሁን። በአንድ ቀሚስ የመጣች ሴት ሁሉንም ማውለቅ ይኖርባታል፤ ቁልፍ ያለው ሸሚዝና ጉርድ ከሆነ ግን የሚገለጠው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ነጠላ ይያዙ። ደግፎ የሚይዝና ጠበቅ ያለ ጡት መያዣ ይያዙ፣ ለመመለሻው ያስፈልጋል። ዕለቱን ቅባት፣ ቅቤ፣ ዶዶራንት ጡትና ብብት ላይ አይቀቡ። ተመርማሪዋ ሴት ነርስ አጠገቧ እንድትቆም ብትጠይቅ መብቷ ነው፤ ሐኪሙ ወንድ ሲሆን ይህ ብቻውን ግማሹን ጭንቀት ያነሣል።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስሙን ይዘው ይሂዱ። የልብ ቫልቭ ችግር ኖሮባቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ አስፕሪን የታዘዘላቸው አሉ፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው፣ ሳይናገሩ መቅረትም ደም ያፈሳል። ለራስ ምታት ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ በዚያ ሰሞን ይቅር። የሚያጠቡ ከሆነ ይናገሩ፤ ሊዶኬይን ማጥባት አያስከለክልም።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ አስቀድመው ለነርሷ «የሚገዛ ነገር አለ?» ይበሏት። አንዳንድ ጊዜ የኮር መርፌው ወይም ማደንዘዣው ከውጭ ፋርማሲ ይታዘዛል፤ አልጋው ላይ ወጥተው ከተነገረዎ አስታማሚ ሲሯሯጥ እርስዎ ተገልጠው ይጠብቃሉ። መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል፣ እሽጉ ያልተቀደደ መሆን አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ካለዎት የትኛውን እንደሚሸፍን ካርድ ክፍል ይጠይቁ።

አልጋው ላይ ፍርሃቱን ምን ያበርደዋል?

በጀርባ ይተኛሉ፣ ክንድዎ ከራስዎ በላይ ይቀመጣል፣ ትከሻዎ ሥር ትራስ ይገባል። ትከሻ የሚይዝዎ ከሆነ ሳይጀመር ይናገሩ። ሥራው መሐል ላይ ክንድዎን ሲያምዎ መንቀሳቀስዎ አይቀርም።

ኮር መርፌው ሲተኮስ ጠንከር ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አለው። ያልጠበቀች ሴት የምትዘለው በሕመሙ ሳይሆን በድምፁ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ በባዶው አንድ ጊዜ ተኩሶ እንዲያሰማዎ፣ ከዚያም በየጊዜው ሲተኩስ «አሁን» እንዲል ይጠይቁት።

ትንፋሽ ይሠራል፤ ግን ቤት ውስጥ የተለማመዱት ብቻ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። መርፌው ሲገባ እያስወጡ ይሁኑ። ደረትን ነፍቶ መያዝ ጡቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ አየሩ ወደ ሆድ ይውረድ። ጸሎት የለመደ ሰው መቁጠር አያስፈልገውም። መቁጠሪያ ይዞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለትም ሆነ ዚክር ማድረግ ትንፋሽን በራሱ ያረጋጋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የጣሊያን ጥናት፣ በመቁጠሪያ የሚደገም ጸሎት ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል እንደሚያወርድ ለክቷል። ብቻ በልብ ይሁን፤ ድምፅ ሲወጣ ደረት ይነቃነቃል።

መዝሙርም ሆነ ሙዚቃ ዋጋ አለው። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ121 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በባዮፕሲ ጊዜ ሙዚቃ ወይም የሚያረጋጋ ንግግር በጆሮ ማዳመጫ የሰሙት ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ አግኝቷል። ስልክዎ ላይ የሚወዱትን አስቀድመው ይጫኑ፤ የሆስፒታል ግቢ ኔትወርክ አይታመንም። ጆሮ ማዳመጫው ግን በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፣ በሌላው የሐኪሙን «አሁን» ይስሙበት።

ዓይንዎ ከጨለመ፣ ጆሮዎ ከጮኸ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጠዎ የደም ግፊትዎ እየወረደ ነው። ይናገሩ፤ እግርዎ ከፍ ይደረጋል። እርስዎም የጭንና የመቀመጫዎን ጡንቻ ለ15 ሰከንድ አጠንክረው ይያዙ፣ ያርግቡ፣ ይድገሙ። ክንድና ደረት ዝም ይበሉ። ሲያልቅም ወዲያው አይነሡ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጡ።

ዳያዜፓም የመሰለ ማረጋጊያ ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ አይሆንም። ፍርሃትዎ ከአቅም በላይ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ሊያዝልዎ ይችላል፤ ያኔ ብቻዎን አይመለሱም።

ናሙናውስ?

አስታማሚ ብልቃጥ ተሰጥቶት «ፓቶሎጂ አድርስ»፣ ማለትም ናሙናው ወደሚታይበት ላብራቶሪ ውሰድ፣ የሚባልበት ጊዜ አለ። ባዮፕሲው እንዲደገም ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እዚህ ላይ ስለሚሠራ በአጭሩ እንየው። ሥጋው የሚቀመጠው እንዳይበላሽ በሚያደርገው ፈሳሽ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን ነው፤ ውሃ፣ ግሉኮስ ወይም አልኮል ውስጥ አይገባም። ፎርማሊኑ ሥጋውን ከአሥር እጥፍ በላይ ይሸፍነው። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀኝ ወይስ ግራ የሚለው ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ ይጻፍ። በዚያው ዕለት ይድረስ፤ ክዳኑ አይከፈት፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

ቤት ከገቡ በኋላ?

ከአልጋው ሳይወርዱ ቦታው በመዳፍ ለ10 ደቂቃ ይጫናል፤ በየመሐሉ እያነሡ «ቆመ?» ብሎ ማየት ደሙን እንደገና ያስነሣል። ከዚያ በጎዝና በፕላስተር ይሸፈናል። ማደንዘዣው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቃል፣ ሕመሙም ያኔ ይመጣል። ሳይመጣ በፊት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ ይዋጡ፤ በየ6 ሰዓቱ ይቻላል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይለፍ። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም በጣም ቀጭን ሰው መጠኑን ይጠይቅ። በረዶ ከሌለ ከሱቅ የተገዛ ቀዝቃዛ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ማስደገፍ ያው ነው።

የባጃጁ ጉድጓድ ከመርፌው ይልቅ ሊያምዎ ይችላል፤ ጠበቅ ያለው ጡት መያዣ ለዚህ ነው፣ ከሌለም ነጠላውን ደረት ላይ ማሰር። ከደቅ ወይም ከዘጌ በጀልባ የመጣች ሴት የዚያን ዕለት ማታ ከተማ ዘመድ ዘንድ ብታድር ይመረጣል፤ ሌሊት ደም ቢፈስ ጀልባ የለም። ለሁለት ቀን ጀሪካን ማንሣት፣ ልጅ ማዘል፣ ሊጥ ማቡካትና ልብስ ማጠብ ለሌላ ይተው። ፕላስተሩ ለ24 ሰዓት ያህል አይርጠብ። ጠበል መጠመቅ የሚፈልጉ መጠጣቱን ይቀጥሉ፣ መጠመቁን ቁስሉ እስኪደርቅ ያቆዩት። ቅቤ፣ ማር፣ ፌጦ ቁስሉ ላይ አይደረግ።

መበለዝ የተለመደ ነው፤ ጠቁሮ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ለ15 ደቂቃ ተጭነውት የማይቆም ደም፣ በፍጥነት የሚያብጥ ጡት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።

ውጤት እስኪመጣ እንዴት ይታደራል?

ብዙ ሴቶች ከመርፌው ይልቅ ያሰቃየን ይህ ነው ይላሉ። ኤፍኤንኤሲ በቀናት ውስጥ ሊደርስ ይችላል፤ ኮር ባዮፕሲ ሥጋው ደርቆ፣ ሰም ውስጥ ገብቶ፣ ተቆርጦና ተቀልሞ ስለሚታይ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተጨማሪ ምርመራ ከታዘዘ ይረዝማል። መዘግየቱ መጥፎ ዜና መሆኑን አያመለክትም። ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ጠይቀው ይጻፉ፦ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ ማን ያነብልኛል። ቀን የሌለው ጥበቃ በየማለዳው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ቀን ያለው ግን ይቆጠራል።

በእኛ ዘንድ ሌላም ችግር አለ። ቤተሰብ ሐኪሙን ወደ ጎን ወስዶ «ለእሷ እንዳይነግሯት» ይላል። በፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሴትየዋ ፊታቸውን አይታ ከሚነገረው የባሰ ትገምታለች፣ ሕክምናውንም ስሙን ሳታውቅ ትጀምራለች። የፈለጉት የትኛውም ይሁን፣ ለሐኪሙ ናሙናው በሚወሰድበት ቀን በራስዎ አፍ ይንገሩት፤ «ለእኔ ይንገሩኝ፣ እህቴ ባለችበት» ወይም «መጀመሪያ ለባለቤቴ»።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ከላብራቶሪ መስኮት ተቀብለው በረንዳ ላይ ለሚያልፍ ተማሪ አያስነብቡ። ብዙ ሰው ከሚያስደነግጡት መልሶች አንዱ «በቂ ናሙና አልተገኘም» የሚለው ነው፤ ትርጉሙ ቃል በቃል ያው ነው፣ ይደገማል። «አጠራጣሪ» ማለትም ኮር ባዮፕሲ ይሠራ ማለት እንጂ ፍርድ አይደለም። በተቃራኒው ኤፍኤንኤሲው «ካንሰር የለም» ቢልም በእጅ ሲዳሰስና በአልትራሳውንድ የሚታየው የሚያሰጋ ከሆነ ሦስቱ እስኪስማሙ ድረስ ሐኪሙ ሌላ ናሙና መጠየቁ ትክክል ነው። ካንሰር ያልሆነውም እብጠት በሐኪሙ ቀጠሮ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በኋላ፣ ይታያል፤ ማደጉን ከቀጠለ ቀድመው ይሂዱ።

ወደ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢባሉ የፓቶሎጂ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ከእጅዎ አያውጡ። መስታወቱና በሰም የተቀመጠው ሥጋ ናሙናው በታየበት ላብራቶሪ በዚያ ቁጥር ይቀመጣል። ሁለተኛ ሐኪም ማየት ሲፈልግ ያንኑ አስወጥቶ ማስነበብ ስለሚቻል፣ «እንደገና እንውጋ» ሲባሉ መጀመሪያ «የበፊቱን ማየት አይቻልም?» ብለው ይጠይቁ።